የመርማሪው ፋይል

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ክፍል ውስጥ ማንንም የማያስተኛ አንድ ተውኔት ነበር፤ የሶፎክልስ «ንጉሥ ኤዲፐስ»። ንጉሡ ነፍሰ ገዳይ አድኖ ሊይዝ ይምላል። ምስክር ይጠራል፣ ያፋጥጣል፣ ይመረምራል። በመጨረሻ የፈለገውን ሰው ያገኘዋል፤ ራሱን! ኤዲፐስ ግን የሚፈልገው ራሱን መሆኑን አያውቅም ነበር። እያወቀ ስለሚደብቀውስ ምን እንበል?

ቀልቤሳ ነገዎን እንውሰድ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ነበር። የዚያን ጊዜ ከፍተኛ ማለት አሳሪም፣ መርማሪም፣ ገራፊም ነው። ኋላ ሰውዬው አትላንታ ሄዶ የሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያው ሆቴል የምትሠራ፣ በእሱ ዘመን የተገረፈች ኢትዮጵያዊት አየችው፤ አወቀችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት፤ በ1993 ፍርድ ቤቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላቸው ወሰነ። ከፍርዱ በኋላም፣ በ1995፣ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ! አገሩ በሌለበት ዕድሜ ልክ የፈረደችበት በ2002 ነው፤ ተጠርዞ የመጣው ደግሞ በ2006።

«ሰው አይለወጥም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይለወጣል እንጂ! የፓሪስን የወንጀል ምርመራ ፖሊስ የመሠረተው ቪዶክ የቀድሞ እስረኛ ነበር። የእኛው ቋረኛ ካሣም ሸፍቶ ነው የነገሠው። ግን የቪዶክን ታሪክ አለቆቹ ያውቁታል፤ የካሣንም ሽፍትነት አገር ያውቀዋል። ተለውጫለሁ የሚል ሰው ከምን እንደተለወጠ መናገር አለበት።

እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። ቡራዩም ሆነ ሰበታና ሱሉልታ፣ ዛሬ ሸገር ከተማ የተባሉት፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው አጥር አጥሮ እንደ አዲስ የሚኖርባቸው ናቸው። እድራችን መዋጮ እንጂ «ትናንት ምን ነበርክ?» ብሎ አይጠይቅም። ባይጠይቅም ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው በዚህ ቸርነት ቀና ብሏል። ግን አንርሳ፤ ጎረቤት በቀላሉ የሚተወው ስላልተገረፈ ነው። ይቅርታ የተበዳይ ገንዘብ ነው፤ እኛ ልንሰጠው አንችልም።

ሕጉም ይህን ያውቃል። ለብዙው ወንጀል ይርጋ አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ግን የሰው ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰው መሰወርንና ኢሰብአዊ ድብደባን ይርጋም ምሕረትም አያግዳቸውም ይላል።

እናም ያለፈውን ደብቆ ከጠረጴዛ ወዲያ የተቀመጠ መርማሪ የሚያሳዝነኝ አንድ ቀን ስለሚያዝ አይደለም። ሥራው በየቀኑ «እውነቱን ተናገር» ማለት ነው። ያን ቃል በየቀኑ ከራሱ አፍ ይሰማዋል። ሳይጠየቅ ቢመልስ ኖሮ ሥራውን ያጣል፤ ምናልባትም ይታሰራል። ያን ጊዜ ግን ስለ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ይኖረዋል፤ እስከዚያ ድረስ ያለው የተረሳ ፋይል ብቻ ነው።