«ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚባለው ማን ነው?

አሮጌ ካሴቶችን ያገላበጠ ሰው ሽፋናቸው ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ሳያጋጥመው አይቀርም። ድምፃዊው በስሙ፣ አቀናባሪው በስሙ፣ አሳታሚው ከነአድራሻው ተጽፎ ሳለ፣ ነገሩን የፈጠረው ግን «ሕዝብ» ተብሎ ይታለፋል። እስቲ ጓደኞቼ ልጠይቃችሁ፦ ሕዝብ ተሰብስቦ ባንድ አፍ ስንኝ ይቋጥራል ወይ? መጀመሪያ አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ነገር ደርሶበት ያለው አይደለምን?

ይህን ጥያቄ የማነሣው ራሴ ስለተያዝኩበት ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የተማሪዎች የኪነ ጥበብ ምሽት ላይ፣ በአምባሰል ቅኝት የሠራሁትን ዘፈን ተጫወትኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ የማላውቀው ልጅ ዘፈኑን ከነግጥሙ በራሱ ስም ቀርጾ በየስልኩ ሲዞር ሰማሁት። እንዴት እንደተቃጠልኩ አትጠይቁኝ! ሌባ አልኩት። ሕጉንም ፈልጌ አነበብኩ።

ሕጉ ከኔ ጋር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ስለ ደራሲ መብት የሚናገር ክፍል ነበረው። በኋላ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ እሱም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሻለ። አዋጁ እንደሚለው አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ፣ ጥበቃው ከተፈጠረበት ጊዜ ይጀምራል። ማስመዝገብ ለማስረጃ ይረዳል እንጂ መብቱን የሚወልደው እሱ አይደለም። የገንዘብ ጥቅሙም ባለቤቱ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። እኔም ግጥሙን ቀን ጽፌ ደብተሬ ላይ አስፍሬው ነበርና ልቤ ሞላ።

በዚህ ሁኔታ እንዳለሁ ለዕረፍት አገሬ ሐራ ገባሁ። ሐራን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከወልድያ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ማታ ቡና ሲፈላ በደሌን አሰማሁና ዘፈኑን አዜምኩት። አክስቴ ዝም ብላ ሰማችና፣

«ልጄ፣ ይኼ ሦስተኛው ስንኝ እኮ የጎረቤታችን ነው» አለችኝ። «ልጃቸው የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ያሉት ነው። አንተ ያኔ ሕፃን ነበርክ፤ እቅፌ ውስጥ ሆነህ ሰምተኸዋል።»

ደነገጥኩ። ከራሴ ያወጣሁት ይመስለኝ ነበር። ወዲያው ግን አንድ መሸሻ መጣልኝ፦ ሙሾ እኮ የሕዝብ ነው! ደግሞም እሳቸው አልጻፉትም፣ አልቀረጹትም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሕጉን በፊደሉ ብንይዘው፣ በአፍ ብቻ የቀረው የእናትየው ስንኝ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ እርሳስ የያዝኩት እኔ ግን ባለመብት እባላለሁ። ካሴቱ ላይ የጠላሁትን ቃል ራሴ ልጠቀምበት ነበር ማለት ነው።

«የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል ምን እንደሚሠራ ከሰሎሞን ሊንዳ ታሪክ ማየት ይቻላል። ይህ ደቡብ አፍሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1939 «ምቡቤ» የተባለውን ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ። ሸክላው አሜሪካ ሲደርስ የባለቤት የለሽ የአፍሪካ ዜማ ተደርጎ ተወሰደ፤ በእንግሊዝኛ ግጥም ተሠርቶም ዓለምን ዞረ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 «ላየን ኪንግ» ፊልም ውስጥ ገባ። ሊንዳ ግን እ.ኤ.አ. በ1962 በድህነት ሞቷል። ልጆቹ በስምምነት ድርሻ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ «ኧረ ተው! ለእያንዳንዱ ስንኝ ባለቤት ከተፈለገ ሰርግ ላይ ማን ይዘፍናል? አዝማሪስ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ። እውነት አለው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ያወርደዋል። ነገር ግን ልብ እንበል፦ እዚያ ሰጪው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ቤቱ ሁሉ ማን እንዳለው ያውቃል። ለቅሶም ላይ እንደዚሁ ነው፤ ሐራ ውስጥ ያ ስንኝ የማን እንደሆነ አክስቴ ከስንት ዓመት በኋላም አልጠፋትም። ስሙን የሚጠብቀው የሰሚው ዐይን ነበር። ካሴትና ስልክ ሲመጡ ድምፁ ተሳፍሮ ሄደ፣ ዐይኑ ግን እዚያው ቀረ። ስለዚህ የቀረውን ስም ማሳፈር የወሳጁ ዕዳ ነው።

በእርግጥ ሁሉ ነገር ባለቤት ይኑረው ማለቴ አይደለም። አምባሰልና ባቲ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ ማንም አጥር ሊያጥርባቸው አይችልም። የአጨዳው ዜማ፣ የሰርጉ ጭፈራ ከማን እንደተነሣ በእውነት የማይታወቅ ከሆነ «የሕዝብ» ቢባል ሐቅ ነው። «የሕዝብ» የሚለው ቃል ውሸት የሚሆነው ሳይጠየቅ ሲጻፍ ነው።

በማግሥቱ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩና ነገሩን ተናገርኩ። እናትየው አልተቆጡም። ስንኙን አንድ ጊዜ ደገሙትና ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ስሜን አትጥራው» አሉኝ። «ለልጃቸው ያሉት ነው ብለህ ግን ተናገር። ለዘፈን የተባለ እንዳይመስል።»

ስማቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ስምን መደበቅም ቢሆን የባለቤቱ መብት ነው፤ አዋጁም ይህን ያውቃል። ልዩነቱ፣ ስሙን ማን አስቀረው ነው።

ያንን ልጅ አገኘሁት። ሌባ የሚለውን ቃሌን አላነሣሁለትም፤ ስሜን እንዲያስገባ ግን ጠየቅሁት፣ አብሮም የእናትየውን ቃል እንዲያስገባ። «ያንተስ ይሁን፣ የሳቸው ግን የሕዝብ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ዝም አለ።

ዘፈን የምትሠሩ ጓደኞቼ፣ ሥራችሁን ጻፉት፣ ቅረጹት፣ ቀኑን አስፍሩበት፣ ብትችሉ አስመዝግቡት። ግን ከዚያ በፊት ቤታችሁ ሄዳችሁ ለአክስቶቻችሁ አሰሙት። እኔ ደብተሬን አርሜዋለሁ። አሁን የሚለው እንዲህ ነው፦ «ዜማ፦ የኔ። ግጥም፦ የኔ፤ ሦስተኛው ስንኝ አንዲት የሐራ እናት ለልጃቸው ያሉት።»