የኮክሬን አደራ

ስለ ሕክምና እውነቱን የሚያሳውቅ በጎ አድራጎት ድርጅት ከማን ገንዘብ ቢቀበል ቃሉ ይታመናል? እ.ኤ.አ. በ1993 በብሪታንያ የተመሠረተው ኮክሬን በዓለም ዙሪያ የተካሄዱ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦና መዝኖ፣ ለተራው አንባቢም በሚገባ ቋንቋ አሳጥሮ ያቀርባል። ከመድኃኒት አምራቾች ግን ገንዘብ አይቀበልም።

ዓርማው ላይ አግድም መስመሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ጥናት ውጤት ነው። ከሥር ያለችው አልማዝ መሰል ቅርጽ ድምራቸው ናት። ጥናቶቹ ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለሚችሉ እናቶች የሚሰጥ ርካሽ የስቴሮይድ መድኃኒት የጨቅላዎችን ሞት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የመጀመሪያው ውጤት የታተመው በ1972 ነበር፤ ማስረጃው ተበታትኖ በመቆየቱ ግን ብዙ ሐኪሞች ለዓመታት ሳይጠቀሙበት ቀሩ። በዚህም መዳን ይችሉ የነበሩ ሕፃናት ሞተዋል። ማስረጃን አሟልቶ መናገር የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ድርጅቱን የሚመራው የባለአደራዎች ቦርድ ነው፤ ከፊሉ በአባላት ይመረጣል፣ ከፊሉ ይሾማል። በእንግሊዝ ሕግ ባለአደራ የድርጅቱን ንብረት ለድርጅቱ ዓላማ ብቻ ያውላል። አደራ ግን ጠብ አያጣውም፤ በ2018 ቦርዱ ድርጅቱን ይተች የነበረ አንድ ነባር አባሉን ሲያሰናብት ሌሎች አራት አባላት ተቃውመው ለቀዋል። በእርግጥም ተቺን ማራቅ ለእውነት ለቆመ ተቋም ከባድ ፈተና ነው።

የድርጅቱ ገቢ በአብዛኛው የጥናት ግምገማዎቹ ከሚወጡበት ከኮክሬን ቤተ መጻሕፍት የደንበኝነት ክፍያና ከመንግሥታት ድጋፍ ይገኛል። ከኩባንያ ነፃ የመውጣትን ዋጋ እዚህ ላይ በከፊል አንባቢው ይከፍላል፤ ፍትሐዊነቱም ያጠያይቃል። ከ2013 ወዲህ የወጡ ግምገማዎች ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ለሁሉም በነፃ ይከፈታሉ። የመንግሥት ገንዘብም ቋሚ አይደለም፤ በ2023 የብሪታንያ መንግሥት ለአገሪቱ የኮክሬን ቡድኖች ይሰጥ የነበረው ድጎማ ተቋርጧል።