ድምፅ ያልሰጠ ሰው ምን አለ?

በስፔን ፖለቲካ እስከ ዛሬ ያልበረደ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ባስኮች ሕገ መንግሥቱን አልተቀበሉትም» ይላል፤ ሌላው «ተቀብለውታል፣ ቆጠራው ይመስክር» ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ ቆጠራ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1978 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ፣ በሦስቱ የባስክ አውራጃዎች ከተመዘገበው መራጭ ድምፅ የሰጠው 45 በመቶ ያህሉ ነበር። ከእነዚህ ወደ 69 በመቶ የሚሆኑት ደገፉ። ደጋፊው እንግዲህ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ አብላጫው ነው፤ ከተመዘገበው ግን ሲሶ አይሞላም። ቤቱ የቀረውን ምን እንበለው?

ልቤ ወደ ቀሩት እንደሚያደላ አልደብቅም። በጁን 1937፣ ቢልባኦ በፍራንኮ ጦር እጅ በወደቀች በቀናት ውስጥ፣ አንድ ድንጋጌ ከሦስቱ አውራጃዎች ሁለቱን፣ ቪዝካያንና ጊፑዝኮአን፣ በክህደት ወንጅሎ ግብራቸውን ራሳቸው የሚሰበስቡበትን ሥርዓት ሻረባቸው። ከፍራንኮ ጎን የቆመችው አላቫ ግን የራሷን እንደያዘች ቀረች። ለታዛዥ የሚተውና ከእምቢተኛ የሚነጠቅ ነገር መብት አይባልም፤ ችሮታ ነው። አምባገነኑ ፍራንኮ በ1975 ሲሞት ብዙ ባስኮች የፈለጉት የተነጠቀው እንዲመለስላቸው እንጂ አዲስ ስጦታ እንዲቸራቸው አልነበረም። የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ታሪካዊ መብታቸውን አከብራለሁ ቢልም፣ መብቱን ከራሱ ማዕቀፍ ውስጥ አስገባው። የባስክ ብሔርተኛ ፓርቲም መብቱ ከሕገ መንግሥቱ ይቀድማል በማለት ደጋፊዎቹ ድምፅ ከመስጠት እንዲቆጠቡ ጠየቀ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ግን በቀላሉ አይለቅም። ኦክቶበር 25 ቀን 1979 ይኸው ፓርቲ የተደራደረበት የጌርኒካ የራስ አስተዳደር ሕግ ለሕዝብ ቀረበ። 59 በመቶ ያህሉ ወጣ፤ ከወጣውም 90 በመቶ ያህሉ ደገፈ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ እንዲቀር የቀሰቀሰው ሕጉ ያነሰበት ኤሪ ባታሱና የተባለው ሌላ የባስክ ብሔርተኞች ጥምረት ነበር። የ1978ቱን ዝምታ እምቢታ ብለን ከቆጠርን፣ በ1979 ቤቱ የቀረውን 41 በመቶ ያህል ሕዝብ ሰነፍ ልንለው አንችልም። በእርግጥ ዝምታው ሁሉ እምቢታ ተብሎ ቢቆጠር እንኳ የራስ አስተዳደሩ ሕግ ግማሹን አልፎ ይጸድቃል፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ይወድቃል። ይሁንና የጌርኒካው ሕግ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ከሕገ መንግሥቱ ነው። የመጀመሪያውን ንቆ ሁለተኛውን ያጸደቀ ሰው የተቀበለው ምኑን ነው?

ፍራንኮ ራሱ በ1947 እና በ1966 ሕዝበ ውሳኔ አካሂዶ ከ90 በመቶ በላይ ድጋፍ አገኘሁ ብሏል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ካርድ መጣል መስማማት እንዳልሆነ ያውቃል። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የቀረ፣ ፓርቲው ጠርቶት የቀረ፣ ፈርቶ የቀረ፣ ደክሞት የቀረ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ውስጥ ተደምረዋል። ቁጥሩን መለያየት ስለማንችል፣ የአንድ ቀን ቆጠራ ለየትኛውም ወገን በቂ ምስክር አይሆንም።

«እንግዲያው የአንድ ቀኑን ተዉት» የሚል ይኖራል፤ «ባስኮች በዚህ ሥርዓት ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ምክር ቤታቸውን ይመርጣሉ፣ ግብራቸውን ይሰበስባሉ፣ የራሳቸው ፖሊስ አላቸው፤ ይህ መቀበል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ጠንካራ ነጥብ ነው። ነገር ግን መኖር መቀበል ከሆነ፣ ፍራንኮም አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀባይ ነበረው ማለት ነው። ሁለቱን ዘመኖች የሚለያቸው ሰው ዋጋ ሳይከፍል «አይሆንም» ለማለት መቻሉ ይመስለኛል።

ይህ መለኪያ ግን እኔ ያደላሁለትንም ወገን አይምርም። በ1959 በአምባገነኑ ዘመን የተወለደው የባስክ ታጣቂ ድርጅት ኤታ ከ800 በላይ ሰው ገድሏል፤ አብዛኛውን የገደለው ደግሞ ከፍራንኮ ሞት በኋላ ነው። ብሔርተኛ ያልሆኑ የከተማ ምክር ቤት አባላት ለዓመታት በጠባቂ ታጅበው ኖረዋል። መንግሥትም ንጹሕ አልነበረም፤ በ1980ዎቹ የተካሄደውን የምስጢር ግድያና አፈና አስመልክቶ የአገር ውስጥ ሚኒስትር የነበረ ሰው ተፈርዶበታል። ስለዚህ ሽግግሩ በ1979 አለቀ ማለት ይከብደኛል። ኤታ በኦክቶበር 2011 የትጥቅ ትግሉን እስኪያቆም ድረስ ብዙ ሰው አሳቡን የሚናገረው ዙሪያውን ቃኝቶ ነበር።

ታዲያ ያለ ዋጋ እምቢ ማለት መቻል ብቻውን ይበቃል? የባስክ ምክር ቤት በዲሴምበር 2004 ያጸደቀውን አዲስ የራስ አስተዳደር ረቂቅ የባስክ መንግሥት ፕሬዚዳንት ኢባሬቼ ማድሪድ ድረስ ሄደው ለስፔን ምክር ቤት አቀረቡት፤ በፌብሩዋሪ 2005 በ313 ድምፅ ለ29 ተሸነፉ። ማንም አላሰራቸውም፤ ተመልሰው ምርጫ ተወዳደሩ። ከ1937 ጋር ሲተያይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ላሳንሰው አልፈልግም። ይሁንና በነፃነት እንዲናገር የተፈቀደለት፣ ግን ከቁጥሩ ማነስ የተነሳ ብቻውን ሊያሸንፍ የማይችል ሕዝብ ፈቃዱን ሰጥቷል ለማለት እቸገራለሁ። እርግጠኛ የምሆነው በጠባቡ ነገር ብቻ ነው፦ እምቢታ ደም በሚያስከፍልበት ቦታ እሺታ ዋጋ የለውም። ከዚህ አልፎ ስንት እምቢታ ሊደመጥ ይገባዋል የሚለውን ግን የ1978ቱም የ1979ኙም ቁጥር አይመልሰውም።