ከ45 ዓመት በኋላ የመጣ ሐቅ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የጎረቤት ሀገር ልጅ ነው። ማህሙድ ሑሴን ማታን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1923 ሐርጌሳ ተወለደ፤ መርከበኛ ሆኖ ባሕር አቋርጦ በእንግሊዞች ሀገር፣ በዌልስ፣ ካርዲፍ በምትባል የወደብ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ላውራ የምትባል የዚያው ሀገር ሴት አግብቶ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1952 በካርዲፍ እስር ቤት በነፍስ ግድያ ወንጀል ተሰቀለ። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር።

ክሱ እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 6 ምሽት ሊሊ ቮልፐርት የምትባል አይሁዳዊት ነጋዴ በሱቋ ውስጥ አንገቷን ታርዳ ተገኘች። ወደ 100 ፓውንድ የሚሆን ገንዘብም ተወስዶ ነበር። ነገሩ ዘግናኝ ነው። ቤተሰቦቿ ከጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ነበሩ። ከተማው ተናወጠ፤ ፖሊስ ገዳዩን በአስቸኳይ እንዲያመጣ ተጠበቀ። ቤተሰቡም ለጠቋሚ 200 ፓውንድ ወሮታ አዘጋጀ።

ፖሊስ ማህሙድን ያዘ። በልብሱም ሆነ በቤቱ የተገደለችው ሴት ገንዘብ አልተገኘበትም። የሱቁን አካባቢ ያዩ ምስክሮች ከሰዎች መሀል ለይታችሁ አውጡ ሲባሉ እሱን አላወጡም። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት ያየሁት ሰው ይሄ አይደለም ብላ ነበር፤ ይህ ግን ለፍርድ ሰሚዎቹ አልተነገረም። ዋናው ምስክር ሃሮልድ ኮቨር የሚባል ሰው ነበር። ከሱቁ ሲወጣ ያየሁት ማህሙድ ነው አለ። መጀመሪያ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ግን ከማህሙድ ጋር የማይገጥም ሌላ ሰው የሚያመለክት ነበር። ያ የመጀመሪያ ቃል ከተከሳሹ ጠበቃ ተደበቀ። በኋላም ኮቨር ከወሮታው ድርሻውን ወሰደ።

ኮቨር መጀመሪያ ያመለከተው ሰው ማን እንደሆነ እዚህ ስሙን አልጠቅስም። ያ ሰውም በዚህ ጉዳይ አልተፈረደበትም፤ እኔና እናንተም በስልካችን ላይ ሆነን አንፈርድበትም።

አሁን የሚያመውን ስሙ። ማህሙድን እንዲከላከል የቆመለት የገዛ ጠበቃው በችሎት ፊት ሲናገር ደንበኛውን ግማሽ የተፈጥሮ ልጅ፣ ግማሽ ያልሠለጠነ አረመኔ አድርጎ ገለጸው። ጠበቃው እንዲህ ካለ ከሳሹ ምን ይጨምራል? ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ማህሙድ ምን እንዳደረገ ከመመርመራቸው በፊት ማን እንደሆነ ተነገራቸው። ጥቁር፣ ባዕድ፣ ሙስሊም፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ። እኔ ማህሙድ እንከን የሌለው ሰው ነበር እያልኩ አይደለም፤ በችሎት የሰጠው ቃልም ሰሚውን የሚያሳምን አልነበረም። ነገር ግን ቃሉን ማሳመር ያቃተው ሰው ሁሉ ገዳይ አይደለም።

ሐምሌ ላይ ተፈረደበት፤ ነሐሴ ላይ ይግባኙ አልተፈቀደም። ቀጥሎ የቀረው አንድ በር ነበር፤ የምሕረት ልመና። ልመናው ለሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ ቀረበ፤ ሚኒስትሩ አልተቀበለውም። ከወንጀሉ እስከ ስቅላቱ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ላውራ ባሏ መሞቱን ያወቀችው ልትጠይቀው ስትሄድ በእስር ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ያው ዋና ምስክር የገዛ ልጁን በምላጭ አንገቷን ቆርጦ ሊገድል ሞክሮ ተፈረደበት። ቤተሰቡ ጉዳያችን እንደገና ይታይ ብሎ ጠየቀ፤ መንግሥት እንቢ አለ። ላውራ ግን አልተወችም። እ.ኤ.አ. በ1996 አጽሙ ከእስር ቤቱ ግቢ ወጥቶ በወግ ተቀበረ። የካቲት 24 ቀን 1998 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሻረው። በ2022 ደግሞ የአካባቢው ፖሊስ ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቀ። ከስቅላቱ እስከ ውሳኔው መሻር 45 ዓመት ከአምስት ወር መሆኑ ነው። ላውራ በዚያን ጊዜ አሮጊት ነበረች።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? የዌልስ ሰዎች በዳይ ነበሩ ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ግን ለእኛ አይጠቅመንም። እኔ የማነሳው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ሲፈርድ ምን ያህል እርግጠኛ ሊሆን ይችላል?

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) የተላለፈ ሐዲስ አለ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እኔ ሰው ነኝ አሉ፤ ሁለት ተካሳሾች ሲመጡ አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበቱ ይፈታና በሰማሁት ልፈርድለት እችላለሁ፤ የወንድሙን ሐቅ ከፈረድኩለት ግን የሰጠሁት የእሳት ቁራጭ ነው ብለው አስጠነቀቁ። አስተውሉ! ወሕይ የሚወርድላቸው ነብይ በችሎት ላይ በሚታየው ነው የምፈርደው ካሉ፣ በካርዲፍም ሆነ እዚህ በአምቦ የተቀመጠ ዳኛ ምን ሊል ነው? ዳኛ ጋይብን አያውቅም። የሚያየው ወረቀት፣ የሚሰማው ምስክር ነው። ምስክሩ ከዋሸ ፍርዱ በሕጉ መሠረት ቢሄድም ሐቁ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም ነው የፊቅህ ዑለማዎቻችን ጥርጣሬን ከከሳሹ ነጥቀው ለተከሳሹ የሰጡት። ጥርጥር ባለበት ሐድ አይፈጸምም ብለዋል። ብዙዎቻችሁ በመድረሳ የተማራችሁት ቃዒዳም አለ፤ በእርግጠኝነት የተያዘ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም። ውዱእ ስናደርግ እንጠቀምበታለን፤ ፈታሁ ወይስ አልፈታሁም ብለን ስንጠራጠር በነበርንበት እንጸናለን። ይኸው ቃዒዳ በሰው ደም ላይም ይሠራል። ሰው ሲወለድ ከወንጀል ነጻ ነው፤ እርግጠኛው ነገር ያ ነው። ክስ የሚባለው ጥርጣሬ ነው፤ በማስረጃ እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ ያንን ነጻነት አያነሳውም። የሀገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል።

አንዳንዶቻችሁ «ኡስታዝ፣ ታዲያ ገዳይ ሁሉ ተጠራጠርን እየተባለ ይለቀቅ?» ትሉ ይሆናል። አይለቀቅም። ቁርኣን በቂሷስ ውስጥ ሕይወት እንዳለ ነግሮናል፤ የተገደለ ሰው ደም ተራ ነገር አይደለም። ግን አስቡት፤ ማህሙድ ሲሰቀል የሊሊ ቮልፐርት ደም ተመለሰ? አልተመለሰም። ፋይሉ ተዘጋ፤ ገዳይዋን የሚፈልግም ጠፋ። እስከ ዛሬም በእሷ ግድያ ሌላ የተፈረደበት ሰው የለም። ንጹሕ ሰው ላይ መፍረድ ለሟች ውለታ አይደለም፤ ሟችን ሁለተኛ መበደል ነው።

የምሕረት በርም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 178 አላህ (ሱ.ወ.) የሟች ቤተሰብ ይቅር እንዲል በር ሲከፍት ገዳዩን ለሟች ወገን ወንድም ብሎ ነው የጠራው። በሀገራችን ሕግ የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም። በ1999 ዓ.ም. የደህንነት ኃላፊ የነበሩትን አቶ ክንፈ ገብረመድኅንን ገድሏል ተብሎ በተፈረደበት በሻለቃ ፀሐይ ወልደ ሥላሴ ላይ ፍርዱ ጸድቆ ተፈጸመ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለ ሥልጣናት የሃይማኖት አባቶች፣ የእኛም ጭምር፣ ምሕረት ለምነው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ። ያኔ ቁስላቸው ያልሻረ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሕመማቸውን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እኔ የምለው ይህ ብቻ ነው፤ የታሰረ ሰው ሐቁ ሲወጣ በሩ ይከፈትለታል፤ የተሰቀለ ግን አይመለስም። የምሕረት በር የሰው ልጅ ጋይብን አላውቅም ብሎ የሚያምንበት ቦታ ነው። ያንን በር ቸኩሎ የዘጋ ሰው የአላህን ዕውቀት ለራሱ ወስዷል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሱረቱ ኒሳእን ከአንቀጽ 105 እስከ 113 ዛሬ ከዐስር በኋላ አንብቡ። ሙፈሲሮች እንደሚነግሩን በመዲና የጦር ጥሩር ተሰረቀ። የሰረቀው ከበኑ ኡበይሪቅ ነው፤ ሙስሊም ነኝ ከሚሉት መሀል። ጣቱን ግን በአንድ አይሁዳዊ ላይ ቀሰረ፤ ዘመዶቹም መጥተው ለእሱ ተሟገቱለት። አላህ (ሱ.ወ.) ያንን አይሁዳዊ ነጻ የሚያወጣ፣ ነብዩንም ለከዳተኞች ተከራካሪ እንዳይሆኑ የሚያዝ ቁርኣን አወረደ። እስከ ቂያማ በሶላታችን የምንቀራው ቁርኣን! በካርዲፍ ሟቿ አይሁዳዊት፣ በሐሰት የተከሰሰው ሙስሊም ነበር፤ በመዲና በሐሰት የተከሰሰው አይሁዳዊ፣ ከሳሹ የእኛ ወገን ነበር። የአላህ ሚዛን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

እንግዲህ ለማህሙድ ያዘንን ሁሉ እንፈተን። ለእሱ ያዘንነው ሐቁ ስለተወሰደ ነው ወይስ ሙስሊም ስለሆነ ብቻ? ነገ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የሌላ ብሔር፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው ፎቶ «ገዳይ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ቢመጣ ምን እናደርጋለን? በመናኸሪያ አንዱ «ሌባ!» ብሎ ሲጮህ ድንጋይ የሚያነሳው እጅ የማን ነው? ኮቨር አንድ ሰው ነበር፤ እኛ በአንድ ጣት ሺህ ምስክር እንሆናለን።

ስለዚህ ከማጋራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን በዓይኑ ያየ ማን ነው? የሚናገረውስ ምን ያገኝበታል? ተከሳሹ የእናቴ ልጅ ቢሆን ይህችን ማስረጃ እቀበላት ነበር? ሦስተኛውን በእውነት መመለስ ካቃታችሁ ስልኩን አስቀምጡት። ዝም ያለ ሰው በሐሰት ምስክርነት አይጠየቅም።

ካርዲፍ ላይ ሐቁ ሲወጣ ማህሙድ አልሰማውም። ማስረጃ የማይደበቅበት፣ ጠበቃ የማያስፈልግበት ችሎት ግን ከፊታችን አለ፤ እዚያ በሰው ደም ላይ የተናገርነው ቃል ሁሉ ይነበባል።

አላህ ሆይ፣ ሐቅን ሐቅ አድርገህ አሳየን፤ እንድንከተለውም እርዳን። ምላሳችንንና ጣታችንን ከንጹሕ ሰው ደም ጠብቅልን። በዙልም የታሰሩትን አስፈታ፤ በዙልም የሞቱትን እዘንላቸው። አሚን።