ከአጥራችን የወጣው ውኃ የማን ነው?

በክረምት ሌሊት ዶፍ ሲወርድ ከመኝታው ተነሥቶ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ወደ ቦይ የሚከፍት ሰው በከተሞቻችን አልጠፋም። ጎርፉ ጠርጎ ይወስድለታል፤ ሲነጋ ደጁ ንጹሕ ነው። ውዱእ አድርጎ ለሱብሒ ሰላት ይቆማል። ልብሱም፣ ገላውም፣ መስገጃውም ጠሃራ ነው። ታዲያ ይህ ሰው በእርግጥ ንጹሕ ነውን?

ሞጣን እናስብ። ከተማዋ ከዓባይ ሸለቆ በላይ በደጋው ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ የሚወርድ ጅረት መጨረሻው ዓባይ ነው፤ ከዓባይ በፊት ግን ገበሬው ከብቱን ያጠጣበታል፣ እናት ልብስ ታጥብበታለች፣ ልጅ ይጠጣዋል። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጭምር ያስጨነቀው አተት የሚተላለፈው በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ነበር። ከአንዱ አጥር የወጣው ከሌላው እንስራ ይገባል ማለት ነው።

አንዳንዱ “ብዙና ወራጅ ውኃ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ካልተለወጠ አይነጀስም፤ የእኔ ጥቂት ምን ያመጣል?” ይላል። ፉቀሃእ ይህን መናገራቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ድንጋጌው ውኃ ለሚፈልገው ሰው የተሰጠ ማቅለያ እንጂ ለሚበክለው የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ደግሞም በዓይን የማይታየው የበሽታ ዘር ቀለምም ሽታም የለውም። የአንድ ቤት ፍሳሽ ጅረቱን ባይለውጥ፣ ሁሉም ቤት “የእኔ ጥቂት ነው” ሲል ግን ይለወጣል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በመርከብ ላይ ስለተሳፈሩ ሰዎች የሰጡትን ምሳሌ እናስታውስ። ከታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት በራሳቸው ድርሻ ላይ ቀዳዳ ቢከፍቱና ከላይ ያሉት ዝም ቢሏቸው ሁሉም ይሰምጣሉ። የእኛው ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀዳዳውን የምንከፍተው ከላይ ያለነው ነን፣ ቀድሞ የሚሰምጠው ግን ከታች ያለው ነው። ስለዚህም ዝምታችን ይበልጥ ይከብዳል።

“ድኃው ለመምጠጫ መኪና ከየት ያምጣ?” የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ድህነት ወቀሳውን ሊያቀል ይችላል፤ በሽታውን ግን አያስቀረውም። ስለሆነም ጉዳዩ የግለሰብ ብቻ ሳይሆን የፈርድ ኪፋያ ነው፤ ጥቂቶች ከሠሩት ከሁሉ ይነሣል፣ ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቃል። ማዘጋጃ ቤቱም፣ ባለ ሀብቱም፣ የውዱእ ፍሳሹ የት እንደሚገባ ያልጠየቀ የመስጊድ ኮሚቴም ከዚህ አይወጡም።

መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። ፍሳሽን በተከታታይ ኩሬዎች ለቀናት አቆይቶ በፀሐይ፣ በአልጌና በጊዜ ማጣራት ብዙ ማሽን አይጠይቅም፤ ሰፊ ቦታና ጠባቂ ግን ይፈልጋል። የአዲስ አበባው ቃሊቲ ማጣሪያ መጀመሪያ የተሠራው በዚህ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማ ምክር ቤት ደግሞ በሚገባ ተጣርቶ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው የጠራ ፍሳሽ ለጠሃራ ሊውል እንደሚችል ወስኗል። የነጀሰው ሊጠራ የሚችል ከሆነ፣ አውቀን ሳናጠራው የምንለቀው ለምንድን ነው?

ወደዚያ ሰው እንመለስ። የገላው ጠሃራ ለሰላቱ በቅቶት ይሆናል። ከታች ያለው ጎረቤቱ ግን ነገ በአላህ ፊት ስለ ሰላቱ ሳይሆን ስለ ውኃው ይከሰዋል። ሐቁ የተነካው ሰው ይቅር እስካላለ ድረስ ያ ክስ በውዱእ አይታጠብም። ወሏሁ አዕለም።