ዜማው የማን ነው?

«የአየርላንዷ ልብስ አጣቢ» የሚባል ዜማ አለ። ዓይነቱ ጂግ ነው፤ ምቱ በስድስት የሚቆጠር፣ እግርን አላስቀምጥ የሚል የጭፈራ ዜማ። አንዳንዶች መነሻው ከእንግሊዝ ነው ይላሉ። በገዢና በተገዢ አገር መካከል ደግሞ እንዲህ ያለው ክርክር የዜማ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እኛ ግን ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ይመስለናል። ዋሽንት ነፊው ትንፋሽ ሲያጥረው አንዷን ድምፅ ይዘላታል፤ ቫዮሊን መቺው እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ይጨምራል፤ የሰፈሩ ልጅ ይህን ሰምቶ «ዜማው ይሄ ነው» እያለ ያድጋል። ስሙም ከመንደር መንደር ይለወጣል። ታዲያ ዋናው የቱ ነው? ሁሉም እኮ ዋና ናቸው!

ይህን ስንል ግን አንድ ነገር ይከነክነናል፤ «የሁሉም ነው» ማለት «የማንም አይደለም» ወደ ማለት ቶሎ ያንሸራትታል። የኮርክ ተወላጁ ፍራንሲስ ኦኒል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1905 የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ ነበር፤ ራሱም ዋሽንት ነፊ። 1,850 ዜማዎችን፣ ብዙዎቹን ከስደተኛ ወገኖቹ ለቅሞ፣ በ1903 አሳተመ። ኖታ መጻፍ ስላልሆነለት የጻፈለት ባልደረባው ጄምስ ኦኒል ነው። ከብዙዎቹ ዜማዎች ራስጌ የሰጪው ስም ሰፍሯል። ይኸ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያለዚያ መጽሐፉ ዘረፋ በሆነ ነበር፣ ያውም በፖሊስ እጅ።

ዛሬ መጽሐፉን ገልጦ «ትክክለኛው ይሄ ብቻ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ጄምስ የያዘው እኮ ያን ቀን የሰማውን ነው። ያው ነፊ በማግስቱ ሌላ አድርጎ ተጫውቶት ይሆናል።