የልጅ ጥያቄና የዘመን ለውጥ

ሰው ሁሉ ለልጁ ርስትና ገንዘብ ለማውረስ ይደክማል። ነገር ግን ርስት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ገንዘብም ያልቃል። ዘመን ቢለዋወጥ ከልጁ የማይለየው ሀብት ጠይቆ የማወቅ ልማድ ነው። ይህንንም ሀብት ብዙ ጊዜ የሚነጥቀው አባቱ ራሱ ነው፤ ልጁ «ይህ ለምን ሆነ?» ባለው ጊዜ «ዝም በል፤ ልጅ በትልቅ ፊት አይናገርም» ይለዋልና።

አባትየው እንዲህ ማለቱ በክፋት አይደለም፤ መጠየቅ የለመደ ልጅ ደፋር እንዳይሆን ሠግቶ ነው። ሥጋቱም ከንቱ አይባልም። ነገር ግን ለማወቅ የሚጠይቅና ለመርታት የሚከራከር አንድ አይደሉም፤ ጠያቂው መልስ ሲያገኝ ያርፋል፥ ተከራካሪው ግን መልሱን አይሰማም።

እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ኢያሱ ከወንዙ የወጡትን ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች በጌልገላ አቆመ። ስለምን ቢሉ፥ በኋላ ዘመን ልጆች አይተው ትርጓሜውን እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱላቸው ነው። እንግዲህ ጥያቄን የሚያፍን አባት ድንጋዩን ያለ ትርጓሜ ያስቀረዋል።

የቅኔ ቤትም ሥርዓት ይህንኑ ይመሰክራል። ልጁ በንባብ ቤት የተሰጠውን ይቀበላል፤ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ አይመሰገንም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ አዲስ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቢሳሳትም መምህሩ ያርመዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር መመርመር የባዕድ ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች የአባቶቻቸውን ትምህርት ቤት ዘንግተዋል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና በሽታ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ራዲዮ ይናገራል እንጂ ሲጠይቁት አይመልስም፤ ልጁ ያልገባውን የሚጠይቀው ከቤቱ ሰው ነው። በቤቱ መጠየቅ የተከለከለ ልጅ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ማን ይሄዳል?

አባት ሁሉን እንዲያውቅ ግድ አይደለም። «እኔም አላውቀውም፤ ከሚያውቅ ዘንድ ሄደን እንጠይቅ» ቢል ክብሩ አይጐድልም፤ ልጁም ያላወቀው ነገር በመጣ ጊዜ እንዳይደነግጥ ይማርበታል። አባት የልጁን ዘመን ሁሉ አያየውምና መልሱን ሁሉ ሊያወርሰው አይችልም፤ መጠየቅን ግን ሊያወርሰው ይችላል።